ምዕራፍ አምስት፦ ጠርዝ ቀድሞ ያልቃል

ዕቃ ማለቅ የሚጀምረው ከጠርዙ ነው። ብዙ ያገለገለ ሰፌድ አንሥታችሁ ብታዩት መሐሉ ገና ያበጥራል፣ ዙሪያው ግን ተፈታትቷል። ደብተር ከማዕዘኑ ይጠቀለላል፤ ጫማ ከተረከዙ ጥግ ይበላል፤ የእንጨት በር መበስበስ የሚጀምረው ከታችኛው ጫፉ ነው። ይህን ሁልጊዜ እያየን ስለምንኖር ለምን ብለን አንጠይቅም። መልሱን ያወቀ ሰው ግን የብዙ ዕቃ ዕድሜ ማስረዘም ይችላል፤ ያውም ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ።

አንደኛው ምክንያት የስፋት ነገር ነው። 50 ኪሎ የሚያህል ግፊት 10 ካሬ ሳንቲ ሜትር በሚሆን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቢያርፍ ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 5 ኪሎ ይደርሰዋል። ያው ግፊት የአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር አንድ አሥረኛ በሆነች የጠርዝ ነጥብ ላይ ካረፈ ግን ጫናው በካሬ ሳንቲ ሜትር 500 ኪሎ ይሆናል። ኃይሉ አልጨመረም፤ የሚሸከመው ቦታ ነው ያነሰው። ሁለተኛው ምክንያት ደጋፊ ማጣት ነው። በዕቃው መሐል ያለችን ቅንጣት በየአቅጣጫው ያሉ ጎረቤቶቿ ይይዟታል። ጠርዝ ላይ ያለችው ግን በአንድ ወገኗ አየር ብቻ ነው ያለው፤ ስትገፋ የሚመክትላት የለም፤ ስለዚህ ትፈረፈራለች ወይም ትሰነጠቃለች። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ተደራርቦ የተሠራ ነገር ሁሉ ድርቡ የሚገለጠው በጠርዙ በኩል ነው። ውኃውም አቧራውም የሚገቡት በዚያ ነው።

በዚህ ምዕራፍ ሁለት ዕቃዎችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አንዱ አሜሪካኖች የጀመሩት የፒክልቦል ጨዋታ መምቻ ነው። ሌላው በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያ ዙሪያ እስከ መርሳ፣ በሀብሩ ሜዳና ተዳፋት በየዓመቱ መሬት የሚገምሰው ማረሻ ነው። አንዱ የመዝናኛ፣ አንዱ የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነ አብረው የሚነሡ አይመስሉም። ጠርዛቸው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን አንድ ዓይነት ነው፤ መፍትሔውም ከአንድ ሐሳብ ይመነጫል። ሐሳቡን ከመምቻው ይልቅ ማረሻው አጥርቶ ያስተምራል ብዬ ስለማምን ረጅሙን ጊዜ የምቆየው ማረሻው ዘንድ ነው።

ከአውሮፕላን ወለል የመጣ መምቻ

ፒክልቦል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በሲያትል ከተማ አጠገብ ባለችው በቤይንብሪጅ ደሴት ነው። ጆኤል ፕሪቻርድና ቢል ቤል ቤተሰቦቻቸውን የሚያጫውቱበት ነገር ቸግሯቸው በአንድ የባድሚንተን ሜዳ ላይ በጠረጴዛ ቴኒስ መምቻና ቀዳዳ ባላት የፕላስቲክ ኳስ መጫወት ጀመሩ። ወዳጃቸው ባርኒ ማካለም ደግሞ ከኮምፔርሳቶ ተለቅ ያለ መምቻ ቆርጦ አወጣ። ሜዳው ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ 13.4 ሜትር፣ ወርዱ 6.1 ሜትር ነው። ኳሷ ከቴኒስ ኳስ በጣም ዝቅ ብላ ስለምትነጥር ተጫዋቹ ደጋግሞ አጎንብሶ ከመሬት ሊያነሣት ይገደዳል። የመምቻው አናት ሲሚንቶውን ወይም አስፋልቱን የሚፍቀው ያኔ ነው።

የእንጨቱ መምቻ ክብደት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1984 አርለን ፓራንቶ የተባለ የቦይንግ ኩባንያ መሐንዲስ ለአውሮፕላን ወለል የሚውለውን ቀላልና ጠንካራ ቁስ ወስዶ መምቻ ሠራበት። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው መምቻ የዚያ ሥራ ዝርያ ነው። ውስጡ የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በሁለቱ ፊት ስስ የፋይበር ግላስ ወይም የካርበን ፋይበር ገበታ ይለጠፍበታል። ሁሉም ተደምሮ ከ200 እስከ 240 ግራም አካባቢ ይመዝናል።

ይህ አሠራር ፊት ለፊት ለሚመጣ ምት ግሩም ነው። የማር እንጀራው ግድግዳዎች ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብለው ስለቆሙ ጫናውን ተካፍለው ይሸከሙታል። ከጎን ለሚመጣ ምት ግን እነዚያው ግድግዳዎች ስስ ቅጠሎች ናቸው፤ ገፋ ሲደረጉ ይታጠፋሉ። ስለዚህ ለዓመታት ኳስ ሲመታ የማይበገረው መምቻ አንድ ጊዜ በጠርዙ ሲሚንቶ ላይ ቢያርፍ ይጎደጉዳል፤ ፊቱ ከውስጡ መላቀቅ ይጀምራል፤ በዚያ ቀዳዳ እርጥበትና አሸዋ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ይለወጣል፣ የኳሷም አነጣጠር ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለዚህ ነው አብዛኛው መምቻ ዙሪያውን ሁለቱንም ፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር እያቀፈ የሚዞር የፕላስቲክ ጠርዝ መከላከያ የሚታጠቀው።

መከላከያው ግን ዋጋ ያስከፍላል። የአሜሪካ ፒክልቦል ማኅበር ደንብ የመምቻው ርዝመትና ወርድ ተደምሮ ከ24 ኢንች፣ ማለትም ከ61 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ ይላል፤ የጠርዙ መከላከያም በልኬቱ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ መከላከያው የያዘው ቦታ ሁሉ ከመምቻው ፊት የተቀነሰ ነው። ኳሷ መከላከያው ላይ ስታርፍም ወዳልታሰበበት ትሄዳለች። በዚህ የተነሣ አንዳንድ አምራቾች መከላከያውን ትተው የፊቱን ገበታ በጠርዙ ላይ አጥፈው ይሠራሉ፤ ወይም ዙሪያውን በአረፋ ይሞሉታል። ያማረ ሥራ ነው። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው መምቻ ጠርዙ አንዴ ከተከፈተ የሚለወጥለት ነገር የለም። ባለ መከላከያው ግን የተጎዳው ተነሥቶ ሌላ ይተካለታል።

ሁለቱ ጠላቶች

ጠርዝን የሚያጠቁት ሁለት ጠላቶች ናቸው፤ ሰው የሚሳሳተው እንደ አንድ ሲያያቸው ነው። አንደኛው መፋቅ ነው፤ በትንሽ በትንሹ፣ ሳይታወቅ፣ በየቀኑ ይወስዳል። ሁለተኛው መመታት ነው፤ በአንዲት ቅጽበት መጥቶ ይሰብራል። ችግሩ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ መሆኑ ነው። ፍቀትን የሚቋቋመው ጥንካሬ ነው፤ በጣም የጠነከረ ነገር ግን ሲመታ ይሰነጠቃል። ምትን የሚቋቋመው መተጣጠፍና ገር መሆን ነው፤ ገር የሆነ ነገር ግን ሲፋቅ ቶሎ ያልቃል። ጠርዝ የሚጠብቅ ባለሙያ ሁሉ፣ የመምቻ አምራችም ይሁን የሀብሩ ቀጥቃጭ፣ በነዚህ በሁለቱ መካከል መንገድ ይፈልጋል።

ከሁለቱ የሚያወጣ የቆየ ብልሃት አለ። ጠርዙን ጨርሶ እንዳይነካ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ የሚያልቀውን አካል አስቀድሞ መምረጥ ነው፤ ዋናው ዕቃ እንዲተርፍ በፊቱ ሌላ የሚፋቅ፣ ሲያልቅም የሚለወጥ ነገር ማቆም። አገልግልን ተመልከቱ። ውስጡ ከሣር የተሰፋ ነው፤ ሣር በመንገድ ላይ ከበቅሎ ጭነትና ከሰው ትከሻ ጋር ሲፋተግ ብዙ አይቆይም። ቆዳ ሲለብስ ግን የሚፋቀው ቆዳው ይሆናል። ቆዳ እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ማያያዣ ሳይፈልግ ራሱ ጠርዙን ጨምድዶ ይይዛል። የጠፍር አልጋ የሚሠራውም በዚሁ ጠባይ ነው። የጥንት ባለሙያ ሙጫና መከላከያ ያገኘው በአንድ ቁስ ውስጥ ነው።

ሐሳቡ ወደ ሰማይም ወጥቷል። በሰሜን ወሎ ላሊበላ ላይ የሚያርፈውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ያየ ሰው የፕሮፔለሩ ምላጭ የፊት ጠርዝ በብረት ሽፋን ተለብጦ ያገኘዋል። ምላጩ የተሠራው ከቀላል የፋይበር ቁስ ነው፤ በዝናብ ጠብታና በአሸዋ ቅንጣት መካከል በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ጠርዙ ባዶውን ቢሆን ይበላ ነበር። ብረቱ የሚፋቅበት ቦታ ላይ ብቻ ነው የተቀመጠው። ሁሉም ብረት ቢሆን ምላጩ ይከብዳል፤ ብረት ባይኖረው አይበረክትም።

መምቻ ያለው ሰው ምን ያድርግ?

መጀመሪያ መከላከያውን በጣት ዙሪያውን እየተጫኑ መፈተሽ ነው። ከፊቱ ገበታ ተላቆ ክፍተት የፈጠረበት ቦታ ካለ ዛሬውኑ ደረቅ ጨርቅ አሳልፎ አቧራውን ማውጣትና ማጣበቅ ይገባል፤ ክፍተቱ ውስጥ አሸዋ ሳለ ማጣበቅ አሸዋውን አብሮ ማጣበቅ ነው። ሙቀት በበዛበት መኪና ውስጥ መተው ሙጫውን ያላላዋል። ጨዋታ ሲያልቅ መምቻ ከመምቻ ጋር በጠርዝ ማጋጨት ልማድ ሆኗል፤ በእጀታው ቢሆን ይሻላል።

ከመከላከያው በላይ ስስ የላስቲክ ፕላስተር መለጠፍ ብዙ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ጥሩም ነው። ፕላስተሩ እየተፋቀ ሲሄድ ይታያል፤ ሲሳሳ ይነሣል፣ አዲስ ይለጠፋል። ግን ክብደት የት እንደሚጨመር ማሰብ ያሻል። መምቻው ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ጎኑ ከመሐል መሥመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። አንድ ነገር ለመዞር የሚያሳየው እምቢታ በርቀቱ ካሬ ስለሚያድግ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተለጠፈ አንድ ግራም በ5 ሳንቲ ሜትር ከተለጠፈው አራት እጥፍ ይሠራል። ለዚህ ነው በሁለቱ ጎን የሚለጠፍ ጥቂት ክብደት ኳሷ ከመሐል ስታፈነግጥ መምቻው በእጅ ውስጥ እንዳይጠማዘዝ የሚረዳው። አናቱ ላይ የሚጨመረው ግን ሲወዛወዝ ከባድ ሆኖ ይሰማል፤ ክንድም ያደክማል።

በወልድያ ወይም በመርሳ አንድ ወጣት፣ ለፒክልቦልም ሆነ ለጠረጴዛ ቴኒስ ልምምድ፣ ከኮምፔርሳቶ መምቻ ልሥራ ቢል ሥራው ይቻላል። ጠርዙን ግን ችላ እንዳይል። ኮምፔርሳቶ ስስ የእንጨት ገበታዎችን አንዱን ባንዱ ላይ ጭረታቸው እንዲሻገር በማጣበቅ የሚሠራ ነው፤ በፊቱ ጠንካራ ነው። የተቆረጠው ጠርዙ ግን የእንጨቱን ቧንቧዎች አፍ ከፍቶ ያሳያል፤ እንጨት ውኃ አብልጦ የሚጠጣው ከፊቱ ይልቅ በዚህ በተቆረጠው አፉ ነው። ስለዚህ ስለታሙን ማዕዘን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ክብ ማድረግ፤ ክብ ጠርዝ የሚመታበትን ቦታ ስለሚያሰፋ ጫናውን ያሳንሳል። ቀጥሎ ጠርዙን ቫርኒሽ ማጠጣት ነው፤ አንዴ ሳይሆን እስኪጠግብ፣ በየመሐሉ እያደረቁ። በመጨረሻ ከጎሚስታ ቤት የተጣለ የውስጥ ጎማ ለምኖ በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት መቁረጥ፤ ላስቲኩንም እንጨቱንም ማስቲሽ ቀብቶ፣ በጣት ሲነካ እስከማይጣበቅ ድረስ አስደርቆ፣ ከዚያ አንዴ መግጠም ነው። ማስቲሽ ሳይደርቅ የሚገጥም ሰው በማግስቱ ይላቀቅበታል።

ላስቲክን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ከሁለቱ ጠላቶች ጋር በአንድ ጊዜ መታገል ከሚችሉ ጥቂት ቁሶች አንዱ ነው። ሲመታ ይገባል፣ ይመለሳል፤ ሲፋቅም ቅንጣቱ ተስቦ ስለሚመለስ በቀላሉ አይቆረጥም። የመኪና ጎማ አስፋልት ላይ የሚቆየው በዚሁ ነው። ግን ዙሪያውን ሁሉ ማልበስ አያስፈልግም። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ 75 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ላስቲክ 25 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ይህ ለመምቻ ብዙ ነው። መሬት የሚነካው አናቱ ነው፤ 25 ሳንቲ ሜትር እዚያ ቢለብስ 8 ግራም ገደማ ብቻ ይጨምራል። ለጎኑ ቫርኒሹና አንድ ዙር ናስትሮ ይበቃዋል።

ለገና ጨዋታ ዱላ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ጎባጣው ራሱ መሬቱንም ሩር የሚባለውን ኳስም አብሮ ይመታል፤ የሚለብስ ነገር ግን የለውም። አዋቂ ሰው ሲመርጥ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ይፈልጋል እንጂ ቀጥ ያለውን ቆርጦ ጎባጣ አያደርግም። በተፈጥሮ የጎበጠው እንጨት ጭረቱ ከጉብጠቱ ጋር ሳይቋረጥ ይዞራል፤ በመጋዝ የተቆረጠው ግን ጭረቱ ጠርዙ ላይ ተቆርጦ ስለሚያልቅ በመጀመሪያው ኃይለኛ ምት ከዚያ ይፈነከታል።

ማረሻው

የአገራችን ማረሻ ከእርፉ እስከ ሞፈሩ፣ ከድግሩ እስከ ቀንበሩ እንጨት ነው። ምራን ያስረዋል፤ የብረት ቀለበቱ ወገል አቅፎ ይይዘዋል። ከወገሉ ሌላ ብረት ያለው ከመሬት ጋር ፊት ለፊት የሚጋጠመው ጫፍ ብቻ ነው። ይህን ዕቃ ኋላ ቀር ነው ብሎ ማለፍ ተለምዷል፤ እኔ ግን ስለ ጠርዝ የማውቀውን ሁሉ በአንድ ዕቃ አሳይ ብባል የማሳየው እርሱን ነው። ብረት ውድ በሆነበት አገር የፈለሰፈው ሰው ብረቱን በዋናነት መሬት በሚፍቀው ስፍራ ላይ አስቀመጠው፤ የቀረውን ገበሬው ራሱ ጠርቦ ከሚሠራው እንጨት አደረገው። ስለዚህ ብረቱ ሲያልቅ ብረቱ ብቻ ይለወጣል፤ እርፉ፣ ሞፈሩ፣ ድግሩ ይቆያል። በሬዎቹም የማያስፈልግ ክብደት አይጎትቱም፤ ገበሬውም ማታ በትከሻው ተሸክሞት ይገባል።

ያ የብረት ጫፍ ስንት መንገድ እንደሚሄድ እናስላ። አንድ ጥማድ፣ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት፣ ሩብ ሄክታር ወይም 2,500 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ትልምና ትልም መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ብንይዝ ያችን አንዲት ጥማድ ለመጨረስ ብረቱ አፈር ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጤፍ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል፤ አራት ጊዜ ቢታረስ 40 ኪሎ ሜትር ነው። አራት ጥማድ መሬት ያለው ገበሬ በአንድ ወቅት 160 ኪሎ ሜትር ብረቱን በአፈር ውስጥ ይነዳል ማለት ነው። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመምቻ ጠርዝ ዕድሜውን ሙሉ የሚፋቀው ተደምሮ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የእንግሊዙ ሳይንቲስት ጆን አርቻርድ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ሥራ የፍቀትን ጉዳይ በአጭር ቀመር አስቀምጦታል፤ የሚፋቀው መጠን ከጫናውና ከተጓዘው ርቀት ጋር ይጨምራል፣ ከቁሱ ጥንካሬ ጋር ይቀንሳል። ገበሬው ርቀቱን መቀነስ አይችልም፤ ማሳው ያው ነው። ጫናውንም ብዙ መቀነስ አይችልም፤ ማረሻው መሬት ካልገባ አረሰ አይባልም። በእጁ ያለው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ ነው። አፈር ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ደግሞ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ ከተራ ብረት ይጠነክራል። ጠንካራው ገሩን ይፍቃል። ጥቁር አፈር ባለበት ሜዳ ፍቀቱ ቀስ ይላል፤ አሸዋና ጠጠር ያለበት ተዳፋት ላይ ይፈጥናል፤ በዚያ ላይ አፈር ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ይጠብቃል፤ ያኔ ሁለተኛው ጠላት መጣ ማለት ነው።

ጫፉ ሲያጥርና ሲደነዝዝ የሚሆነውን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ትልሙ ይሳሳል፤ በሬዎቹ ያለ ሥራ ይደክማሉ፤ እርፉን የያዘው እጅ ወደ ታች መጫን ያበዛል። ብረቱ አልቆ እንጨቱ ጫፍ ከተጋለጠም መፋቁ ወደ ድግሩና ወደ እርፉ ይሻገራል። ያን ጊዜ ነው ወደ ቀጥቃጭ የሚኬደው።

«አያ፣ ይቺን አስረዝሙልኝ፤ ድግሩ መሬት ሊጠጣ ነው።»

«ምኑን ላስረዝመው ልጄ? ብረት ትተህልኛል? ጣት ሲቀረው ነበር መምጣት።»

ቀጥቃጩ ልክ ነው። እርሱ ብረት አይፈጥርም። ከሰሉ ውስጥ ከትቶ፣ ወናፉ እየነፋ፣ ብረቱ ከጥቁር ቀይ ወደ ደማቅ ብርቱካን ሲሄድ በጉጠት አውጥቶ መስፉ ላይ ያሳርፈዋል። መዶሻው ሲወርድ ወፍራሙ ቦታ ወደ ጫፉ ይሳባል፤ የሚረዝመው ከተረፈው ውፍረት ተበድሮ ነው። ወፍራም ክፍል ካልቀረ የሚበደረው የለም። በየሙቀቱም ከብረቱ ላይ ጥቁር ቅርፊት እየተላቀቀ ይወድቃል፤ ያ ቅርፊት ኦክስጅን የበላው ብረት ነው። ስለዚህ ደጋግሞ ማሞቅ ራሱ ብረት ያባክናል፤ ጎበዝ ቀጥቃጭ በጥቂት ሙቀት ብዙ ይሠራል።

ከዚያ ውኃው ይመጣል። የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ሲገባ ይጠነክራል የሚለው እምነት በግማሽ ብቻ እውነት ነው፤ ልዩነቱ ካርቦን ላይ ነው። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ብዙውን ጊዜ የካርቦን መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ምንም ያህል ውኃ ቢጠጣ ብዙ አይጠነክርም። የጭነት መኪና ባሌስትራ ግን 0.5 በመቶ አካባቢ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ካርቦን አለው፤ እርሱ ውኃ ሲነካው እውነተኛ ጥንካሬ ያገኛል። ከባሌስትራ የተሠራ ማረሻ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ግን እዚህ ላይ ሁለቱ ጠላቶች ይገናኛሉ፤ እስከ መጨረሻ የጠነከረው ባሌስትራ የመጀመሪያው ትልቅ ድንጋይ ላይ እንደ ብርጭቆ ይቆረጣል።

መካከለኛው መንገድ በዓለም ላይ ብዙ ቀጥቃጮች የሚያውቁት ነው፤ በጣም የሚያምር ሥራም ነው። ብረቱ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ጫፉ ብቻ ይነከራል፤ ወገቡ እንደጋለ ይቀራል። ከዚያ ይወጣና ጫፉ ላይ ያለው ጥላሸት በድንጋይ ፈጥኖ ይታሻል፤ የብረቱ ነጭ ፊት ይታያል። ከወገቡ ያለው ሙቀት ወደ ጫፉ መመለስ ሲጀምር ቀለም ተከትሎ ይመጣል፤ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። ቢጫው 220 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፣ ሰማያዊው 300 ገደማ። በቢጫው ላይ ያስቆመው ሰው ለፍቀት የጠነከረ፣ ለምት የሚፈራ ጫፍ አገኘ። ወደ ሰማያዊው ያደረሰው ጥቂት ጥንካሬ ሰውቶ ድንጋይ የሚችል ጫፍ አገኘ። ለአሸዋማ ሜዳ የፊተኛው፣ ለድንጋያማ ተዳፋት የኋለኛው ይስማማል። ወገቡ ደግሞ ያልጠነከረ ስለሆነ ምቱን ይቀበላል። ጠንካራ ጫፍ በገር ወገብ ላይ፤ ሁለቱም ጠላቶች መልስ አገኙ።

ይህን የሚያህል እውቀት የሚጠይቅ ሥራ የሚሠራው ሰው በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲሰደብ ኖሯል። ቀጥቃጩ ቡዳ ይባል ነበር፤ ጋብቻ ይከለከል፣ ከማኅበር ይገለል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል፤ ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። ገበሬው የሚበላውና ከተሜው የሚገዛው እህል በዚያ ሰው መዶሻ ሥር ያለፈ ጫፍ ካረሰው መሬት የበቀለ ነው። ልጆቹ ሙያውን ትተው ወደ ከተማ ሲሄዱ የምናጣው የቀለሙን ምሥጢር ነው፤ እርሱን ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ ገዝቶ መመለስ አይቻልም።

ለገበሬው የምለው አጭር ነው። ማረሻውን እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ወፍራሙ ክፍል ሳይነካ ወደ ቀጥቃጭ ውሰዱት፤ ብረት ስትገዙም ፌሮ ነው ባሌስትራ ብላችሁ ጠይቁ። ለመምቻ ባለቤቱም የምለው ያው ነው፤ ፕላስተሩን ሲሳሳ ቀይሩት፤ መከላከያው እስኪላቀቅ አትጠብቁ። ዋናው ጥያቄዬ ግን ለሌሎች ነው። ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ሀብሩ ውስጥ ነው፤ መርሳ የግብርና ኮሌጅ አለ፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሦስቱም ከቀጥቃጮቹ ደጅ ሩቅ አይደሉም። የብረት ካርቦን የሚለይ ቀላል መሣሪያ፣ ሙቀት የሚለካ አንድ ዕቃ፣ ከሙያው ባለቤቶች ጋር ተቀምጦ የሚሠራ አንድ መምህር ይላኩ፤ መጀመሪያ ለማስተማር ሳይሆን ለመስማት ይላኩ። ባሌስትራውን ቀጥቃጮቹ ራሳቸው አያጡትም።